የሴትዮዋ ሁለተኛ ዓይን

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... መካነ ሰላም በተከራየሁት ቤት ልብስ እያጠብኩ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት መሪጌታ ቆመዋል። የፍቅረኛዬ የቤዛ አባት። ሽማግሌ ልኬባቸው «ልጁን ሳላየው ምንም አልል» ብለው የመለሱብኝ ሰውዬ ከከላላ ድረስ መጥተዋል።

እጄ አረፋ እንደሆነ አስገባኋቸው። ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀረ። የሥዕል መምህር አይደለሁ... አውሮፓውያን ባሮክ በሚሉት ዘመን የተሳለች የአንዲት ሴትዮ ሥዕል ትልቅ ፖስተር ለጥፌያለሁ። መሪጌታም የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ናቸው። ዕድሌ ተከፈተ አልኩና ምላሴን ፈታሁ።

«ብርሃኑ ከግራ ነው የሚመጣው፣ መሪጌታ። ግማሽ ፊቷ የጨለመው ሆን ተብሎ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሸሽገው ነገር እንዳለው ለማሳየት። አንገቷ ላይ ያለው ዕንቁ ንጽሕናዋ ነው። እጇ ላይ ያለችው የጠወለገች አበባ ደግሞ ውበት አላፊ መሆኑን...»

«ዓይኗስ?»

«የቱ?»

«የሌለው።»

«አለ... ጥላው ውስጥ ነው።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሥዕሉ ጠጋ አሉ። «እኛ ጻድቁን በሁለት ዓይን ነው የምንስል። ባንድ ዓይን የምንስለው ሰይጣንና ይሁዳን ነው። ይቺ የማን ወገን ናት?»

ኮሌጅ ይህን አላስተማሩኝም።

ይባስ ብለው ከጋቢያቸው ስር አንድ ፎቶ አወጡ። ሽማግሌዎቹ ይዘውላቸው የሄዱት የኔው ፎቶ ነው። መስኮት አጠገብ ሆኜ ራሴ ያነሳሁት... ግማሽ ፊቴ ጥቁር፣ ልክ እንደ ሴትዮዋ።

«ይሄን አይቼ ነው የመጣሁ። ልጁ ወይ ዓይን የለውም፣ ወይ ክፉ ነው ብዬ። እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙር።»

ዞርኩ። አገጬን ይዘው ግራና ቀኝ አገላብጠው አዩኝ። ዕድሜ ልኬን ዓይኔን ማርገብገብ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ተመስገን፣ ሁለት ነው። አብሽር ልጄ፣ ሰጥቼሃለሁ» አሉ። ደስታዬን ሳልጨርስ እጃቸውን ዘረጉ። «በል አሁን ቀለም አምጣ። ቤዛ ባለ አንድ ዓይን ያለበት ቤት አትገባም።»

ተማሪዎቼን «ጥላ አትፍሩ» እያልኩ የማደርቅ ሰው፣ ቀለሙንም ብሩሹንም በገዛ እጄ አቀበልኳቸው። ጨለማው መሃል ትልቅ የጻድቅ ዓይን ፈጠጠ። እውነት ለመናገር ዓይኑ ያምራል።

እና «የፕሮፋይል ፎቶህን ምነው ጉርድ ፎቶ አስመሰልከው?» ላላችሁኝ ሁሉ... አማት ፈርቼ ነው።