ግማሹን ውሃ ተይለት

ዛሬ የአጎቴ አርባ ወጣ። ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታቸው መስኮት ሥር፣ አንገቱ በተሰበረ ትልቅ የጠጅ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከላህ ወንዝ ያመጧቸውን ሦስት ትንንሽ ዓሣዎች ያኖሩ ነበር። ጎረቤት «ጾሙ ተፈታ እኮ፣ ምነው አይጠብሱልንም?» ሲላቸው፣ «እንግዳ ተጠብሶ ይበላል እንዴ?» ይሉ ነበር።

ባሌ ሞቶብኝ ከፈረስ ቤት ከተማ እሳቸው ዘንድ ስመጣ፣ ልጄ ከሐዘኑ ወዲህ ትንፍሽ አትልም ነበር። አንድ ቀን ሥራ ያገዝኩ መስሎኝ ጠርሙሱን በአመድ ፈትጌ በአዲስ የምንጭ ውሃ ሞላሁት። አንዱ ዓሣ ወዲያው ተገልብጦ ተንሳፈፈ። ክው ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አልተቆጡኝም። «አሮጌውን ሁሉ አትድፊበት ልጄ፤ ግማሹን ተይለት። አዲስ አገር ባንድ ቀን አይለመድም» አሉኝ።

ልጄ የአባቷን ጋቢ አልለቅ ብትል፣ የጎረቤት ሴቶች «ለነዳይ ስጪው፣ ትርሳው» አሉኝ። እሳቸው ግን ያችኑ ቃል ደገሙ፤ «ግማሹን ተይላት።» ለሁለት ቀድጄ ግማሹን ተውኩላት። እያደር ልጄ ጠርሙሱ አጠገብ ከእሳቸው ጋር ማውራት ጀመረች።

ሲያርፉ፣ ተመልሳ ዝም እንዳትልብኝ ፈራሁ። በቀብሩ ማግስት አንዲት ጎረቤት ቤቱን ስትጠርግ ጠርሙሱን ልትደፋው አነሳች። ልጄ ዘላ የሴትዮዋን እጅ ያዘች፤ «እትዬ፣ ግማሹን ይተዉለት እንጂ!» አለች። ከዚያም አዲስ ውሃ ቀድታ ፀሐይ ላይ አኖረችና፣ ባዶ በቀረው በርጩማቸው ላይ ተቀምጣ ለብ እስኪል ጠበቀች።

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ሳያስቸኩሉ አተረፉልኝ።