የሃምቡርግ ልምምድ በቡታጅራ

ቡታጅራ በመምህርነት ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረው በአንድ የጨርቅ ነጋዴ ግቢ ተከራይቼ ነው። አከራዬን ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው፤ ለቀልድ እንኳ ብለው አይዋሹም።

ትልቋ ልጃቸው ጀርመን አገር፣ ሃምቡርግ የምትባል ከተማ ውስጥ ነርስ ናት። የአባትና የእናቷ ቪዛ እንደተገኘ ደወለችና ከሥራ የሚሰጧት እረፍት አራት ቀን ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው።

«ምን ማየት እንደምትፈልጉ አስቡና ንገሩኝ» አለች። «ግን ዓይነቱ ይብዛ። አባ፣ በአላህ፣ አራቱንም ቀን ሱቅ ለሱቅ እንዳታዞረኝ።»

ሐጂ ነገሩን እንደ ትልቅ አደራ ተቀበሉት። በማግስቱ ሱቃቸው በር ላይ ወንበር አወጡና እኔንና ጎረቤታችንን ጠሩን። ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡታጅራና አዲስ አበባ ሲመላለሱ የኖሩ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። እሳቸው አይሄዱም፤ ፓስፖርትም የላቸውም። ግን የመንገድ ነገር ሲነሳ ዝም ብለው መቀመጥ አይሆንላቸውም። ሻዩ ሳይቀዳ ዕቅዱን ከሐጂ እጅ ወስደውት ነበር።

የእኔ ሥራ ከስልኬ ላይ ማንበብ ሆነ። ወደብ እንዳለ፣ በጀልባ መዞር እንደሚቻል፣ የሥዕል ቤት፣ ሐይቅ፣ እሁድ እሁድ ማለዳ የሚቆም የዓሣ ገበያ እንዳለ አነበብኩላቸው። ከወንዙ ሥር ሰው በእግሩ የሚያልፍበት ዋሻ መኖሩን ስነግራቸው ሾፌሩ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ከሥሩ? ውሃው ከላይ እየሄደ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ይሄ አይታለፍም!»

እማማ የምንላቸው የሐጂ ባለቤት ከሱቁ ውስጥ ሰምተዋል። «እኔ ከመሬት በታች የምገባበትን ቀን አላህ ያውቀዋል» አሉ። «ቸኩዬ አልገባም።»

ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ እማማ ዋሻውን ተቀበሉ፤ የቀረው የጉልበታቸው ነገር ነበር። ከቦታ ቦታ ያለው መንገድ ሲደመር ቀላል አይደለም። ሐጂ «ልጅቷ ታክሲ ትይዛለች» ቢሉም ሾፌሩ አልተዋጠላቸውም።

«ያልተሞከረ መስመር ላይ ሰው አልጭንም» አሉ።

እናም ትምህርት በሌለበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አራታችን ሃምቡርግን ልንሞክር ቡታጅራ ዋና መንገድ ላይ ወጣን። እኔ በስልኬ ርቀቱን እለካለሁ፤ ሾፌሩ ከፊት ሆነው እያንዳንዱን ቦታ ይመድባሉ። መናኸሪያው ወደብ ሆነ። እዚያ ቆመን ጀልባዋ ትደርሳለች የተባለውን ያህል ጠበቅን። የእንሴኖ ሚኒባስ ረዳት መጥቶ «ሐጂ፣ ወዴት ነው?» ሲላቸው፣ ሐጂ «ጀልባ እየጠበቅን ነው» አሉት። ልጁ ትንሽ አሰበና «ሞልቶ ሳይሄድ አልቀረም» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለዋሻው ሾፌሩ አንድ ያላለቀ ፎቅ ምድር ቤት መርጠው ነበር። ጨለማ ነው፤ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። እማማ የባላቸውን ክንድ ጭምድድ አድርገው ይዘው መሃሉ ላይ ስንደርስ ጥበቃው የእጅ ባትሪ አበራብን።

«እናንተ! እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«በወንዙ ሥር እያለፍን ነው» አሉ ሐጂ።

ጥበቃው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ሐጂን ያውቃቸዋል፤ ሊጠረጥራቸው አልቻለም። «እሺ፣ ቶሎ እለፉ» አለ፤ «ባለቤቱ እንዳይመጣ።»

ችግር የመጣው ከዋሻው ከወጣን በኋላ ነው። እማማ ደክሟቸዋል፤ ከዕቅዱ አንድ ነገር መቀነስ ነበረበት። ሾፌሩ ከመንገዱ ማዶ ቆመው፣ የሥዕል ቤት ብለው ወደ መደቡት የልብስ ሰፊ ሱቅ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ሞተር የለመደ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይሄኛው ይነሳ!» አሉ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ፋርማሲ ዞሩ። «ያ ይቆይ፤ ጊዜ ካለን እናየዋለን።»

በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ኮሪደር ልማት ነው። የየትኛው ከተማ መንገድ ሰፋ፣ የማን ቤት ፈረሰ፣ ሌላ ወሬ የለም። ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ መኪናው ፊት ተቀምጧል። ስልክ ይዞ የሚለካ መምህር፣ የሚያዝዝ ሽማግሌ፣ ከጎን ደግሞ የተከበሩ ነጋዴ ሲያይ እግሩ ከፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ።

ተሻግሮ መጣና የሐጂን እጅ ያዘ። «ሐጂ፣ እርስዎ እያሉ? እውነት ይነሳል?»

ሐጂ ደግሞ አይዋሹም። «ምን እናድርግ ወንድሜ፣ ቀኑ አልበቃ አለን» አሉት።

ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያው በታች ያሉ ሱቆች የቆርቆሮ ጥላቸውን ሲነቅሉ ዋሉ። አንዱ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ወደ አማቱ ቤት አሸሸ። ባለ ፋርማሲዋ ደግሞ «ያ ይቆይ» መባሏን ሰምታ ለሾፌሩ ሙዝና ብርቱካን ላከችላቸው። እሳቸውም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ በሉ።

ሰኞ ቀበሌ ተጠራን። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ወጣት ኃላፊ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል። ልብስ ሰፊው ጥግ ላይ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«መንገድ እንድትለኩ ማን ነው ያዘዛችሁ?» አለን ኃላፊው።

«ልጄ» አሉ ሐጂ።

«የት ነው የምትሠራው?»

«ሆስፒታል።»

ኃላፊው እኔን አየኝ። ከሥሩ ጀምሬ ነገርኩት፤ ጀልባውን፣ ዋሻውን፣ የእማማን ጉልበት፣ አንድም አልቀረ። ይቆጣል ወይም ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«ዕቅዳችሁ ክፍተት አለበት» አለ። «ቢዘንብስ? አማራጭ አላስቀመጣችሁም።»

ሾፌሩ አቀረቀሩ። እውነትም ዝናቡን ማናችንም አላሰብነውም።

ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ስብሰባ ነበር። ኃላፊው የዓሣ ገበያው ለምን እሁድ ብቻ እንደሆነ ጠየቀ፤ ሐይቁን ወደ መጀመሪያው ቀን አመጣ፤ በመጨረሻም የሥዕል ቤቱ ለዝናብ ቀን ወደ ዕቅዱ እንዲመለስ ወሰነ።

ልብስ ሰፊው ከጥጉ አንገቱን አስግጎ «ይነሳ የተባለው ተመለሰ ማለት ነው?» አለ።

«ተመልሷል።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። እስከ ዛሬ ሱቁን ያተረፈለት ያ ስብሰባ እንደሆነ ነው የሚያምነው።

ሐጂና እማማ በወሩ ሄዱ። በመጀመሪያው የጉብኝት ቀን፣ ዕቅዱ ጀልባ ላይ ናቸው በሚልበት ሰዓት፣ ሾፌሩና እኔ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ ሐጂ በቪዲዮ ደወሉ። ሱቁን የሚጠብቀው የወንድማቸው ልጅና ሦስት አራት ጎረቤቶች ተንጋግተው ከበቡን። ስልኩ ላይ ግን ውሃ የለም። ሰፊ ሣር አለ፤ ከሣሩ ወዲያ የሚግጡ ላሞች።

«የት ነው ያላችሁት?» ብለው ሾፌሩ ጮኹ። «ወደቡስ? ጀልባውስ?»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱን። ልጅቷ እረፍቷን ያገኘችው ብዙ ሌሊት በተከታታይ ሠርታ ነው። ባቡር ላይ እናቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ጣላት። መውረጃቸው ሲደርስ እማማ ሐጂን እንዳይቀሰቅሷት በዓይናቸው ከለከሏቸው። ባቡሩም እየሄደ እየሄደ ከከተማው ወጣ፤ መጨረሻው ላይ ሁሉም ሰው ሲወርድ እነሱም ደግፈው አወረዷት። እሷ ግን አግዳሚ ወንበር ስታገኝ መልሳ ተኛች።

ስልኩን ቀስ አድርገው አዞሩት። እማማ ሜዳው ዳር ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝታለች። ነጠላቸውን አልብሰዋታል።

ሾፌሩ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሐጂ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሾፌሩም አፋቸውን ገጠሙ፤ ከዚያ ዞር ብለው ከኋላችን ለሚያወሩት ጎረቤቶች «ቀስ በሉ እንጂ፣ ልጅቷ ተኝታለች!» አሉ በሹክሹክታ።

በመንገዱ የሚያልፍ ባጃጅ ጥሩምባውን ሲነፋ የወንድማቸው ልጅ ሮጦ ወጣና በእጁ ምልክት አስቆመው።