ካሴቱ የያዘበት ቦታ

ሸዋ ሮቢት ደርሳችሁ «ገብረሚካኤል የሚባል ጎሚስታ የት ነው የሚሠራው?» ብትሉ የሚመልስላችሁ አታገኙም። «ጋሼ ሮክስ?» ካላችሁ ግን የባጃጅ ሹፌሩም፣ ሽንኩርት ጫኙም፣ መንገድ ዳር ማንጎ የምትሸጠዋም እኩል ጣታቸውን ይቀስራሉ። ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ያረጁ ጎማዎች በተቆለሉበት ጥላ ሥር፣ ቁጢጥ ብሎ ከከባድ መኪና ጎማ ጋር የሚታገል አጠር ወፈር ያለ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ታያላችሁ። እሱ ነው። የቆላው ሙቀት ሰው ያማርራል እንጂ ለጎሚስታ ሲሳይ ነው፤ ከደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ መኪና ሁሉ ጎማው ግሎ እሱ ደጅ ይቆማል። ይሄ ሰውዬ ምኑ ነው ሮክ የሚያሰኘው ብላችሁ ከሳቃችሁ ሠርግ እስኪኖር ጠብቁ።

ሠርግ ላይ ሌላ ሰው ነው። የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን፣ የከተማው ኦርጋን ተጫዋች በድሩ አንዲት የአሜሪካ ዜማ ሲጀምር ጋሼ ሮክ ወደ መሐል ይገባል። ያ ሁሉ ውፍረት የት እንደሚገባ እንጃ፣ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም። ሕዝቡም ተከትሎት ይገባል። ከዚያ ድንገት በድሩ ዜማዋን ቀጥ ያደርጋታል፤ ጋሼ ሮክ ግራ እግሩን አንሥቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ ድንኳኑ በሙሉ «ያዘው!» ብሎ ይጮኽና እሱም ግራ እግሩን አንሥቶ ይደርቃል። አሮጊቶች ሳይቀሩ ምሰሶ ይዘው በአንድ እግር ይቆማሉ። የሚወድቀው ይወድቃል፣ የሚሳቅበት ይሳቅበታል። ጋሼ ሮክ ደስ ባለው ሰዓት «ለቀቀው!» ሲል ሕዝቡ ባለበት መሮጥ ይጀምራል። ከእሱ ሌላ መልቀቅ የሚችል ሰው የለም፤ ሕጉ ነው።

ይሄ ሕግ ከየት መጣ የሚል ሰው ስለሌለ እኔ ልንገራችሁ። ገብረሚካኤል ጢሙ ገና ሲያቆጠቁጥ የልጅነት ጓደኛው አብዱልሰመድ ቪዲዮ ቤት ከፍቶ ነበር። ቪዲዮ ቤት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቆርቆሮ ነው፣ አግዳሚ ነው፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ነው። እዚያ ሲታይ ከማይሰለቹት ፊልሞች አንዱ የአሜሪካ ነበር። አንድ ሌባ ከፖሊስ ሲሸሽ ጭፈራ ቤት ይገባል፤ እንዳይታወቅበት ከማያውቃት ቆንጆ ጋር ይጨፍራል። የሚጨፍሩበት ዘፈን ከፊልሙ በብዙ ዓመት የቀደመ፣ ሮክ ኤንድ ሮል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የተዘፈነ ነው። እዚያ አገሩ ሳይቀር የተረሳ ነበር አሉ፤ ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው አቧራውን አራግፈው ያወጡት። የሮቢት ልጅ ግን አሮጌ ይሁን አዲስ ምን ገዶት፣ ጊታሩ ገና ሲጀምር ቆርቆሮ ቤቱ በእግር ድብደባ ይናጥ ነበር።

ታዲያ ካሴቱ እዚያው ጭፈራው መሐል ላይ ተጨማዶ ነበር። ሌባው ግራ እግሩን አንሥቶ ሊዞር ሲል ዴኩ ካሴቱን ይይዘዋል። ምስሉ ቀጥ ይላል። ተመልካቹ በአንድ ድምፅ «ያዘው!» ይላል። አብዱልሰመድ እየተሳደበ መጥቶ ዴኩን ጥፊ ያቀምሰዋል፤ ሲለቅ ጭፈራው የለም፣ ሌባው መንገድ ላይ ሲሮጥ ነው የሚታየው። «ለቀቀው!» ተብሎ ይጨበጨባል። ገብረሚካኤል ያንን ጭፈራ እያየ እቤቱ እየተለማመደ እንደ ውኃ ጠጣው፤ የቆመበትንም፣ የሮጠበትንም። በድሩም ዜማዋን የለቀማት ከዚያው ካሴት ነውና ከነመቆሟ ለቀማት። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ፣ አብዱልሰመድም ሚሞሪ ላይ ፊልም መጫን ከጀመረ ስንት ዘመኑ ሆነ። ዛሬ በአንድ እግር የሚቆሙት ልጆች ካሴት ምን እንደሚመስል አያውቁም።

አጣዬ ከተቃጠለች በኋላ እዚያ የተደረገ አንድ ሠርግ ላይ ጠርተውት ነበር። ድንኳኑ የተተከለው ጣራ ከሌለው ግድግዳ አጠገብ ነው። ሰዉ ለመጨፈር አፍሮ ተቀምጦ ሳለ ገብረሚካኤል ብቻውን ገባ፤ «ያዘው!» ሲባል ያ ሁሉ ያዘነ ሰው ተነሥቶ በአንድ እግሩ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭፈራው ቀልድ ብቻ ነው ብሎ አያስብም። ይኮራበታል፤ ለማንም አይናገርም እንጂ በጣም ይኮራበታል።

እንግዲህ ልጁ ሐይማኖት ልታገባ ነው። አንድ ልጁ ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሙሽራው የደብረ ብርሃን ልጅ፣ መምህር ነው። ሠርጉ እዚያ ደጋ ላይ ሆኖ መልሱ ሸዋ ሮቢት፣ እነ ገብረሚካኤል ደጅ ሊደረግ ተቆርጧል። ከመልሱ በኋላ ሐይማኖት ወደ ደብረ ብርሃን ጠቅልላ ትሄዳለች። ይሄን ነገር ገብረሚካኤል ሲያስበው ጎማ አጥብቆ ይመታል።

ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ቀን ሐይማኖት ስልኳን ይዛ ጎማ ቤቱ መጣች።

«አባዬ፣ እጅህን ጥረግና ይሄን እይ።»

ያ ፊልም ነው። ሙሉው። ምስሉ ጥርት ብሎ የሌባው ላብ ሳይቀር ይታያል። ገብረሚካኤል ደስ ብሎት በጣቱ ጎማውን እየመታ አየ፤ ሌባው ግራ እግሩን ሲያነሣም እንደ ልማዱ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ሌባው አልቆመም። ዞረ፤ ልጅቱን አዞራት፤ ወለሉ ላይ ተንሸራትቶ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከና እጁን ዘረጋላት። እሷም እጇን ሰጠችው። ከዚያ ነው ፖሊስ የመጣው።

«ይሄ ሁሉ ነበረው እንዴ?» አለ ገብረሚካኤል።

«ነበረው አባዬ።»

«እኔ እኮ መቆሙ ራሱ ጭፈራ መስሎኝ…» አለ። ስንት ሙሽራ ፊት፣ ስንት ሽማግሌ ፊት፣ ግማሽ ጭፈራ ይዞ ሲኩራራ እንደኖረ ታየው፤ ፊቱ ጋለ።

ሐይማኖት አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «የእጮኛዬ አባት ይሄን ፊልም በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት እየተመላለሱ ያዩ ሰው ናቸው። ዘፈኑን በቃላቸው ነው የሚሉት። የሙሽራዋ አባት ይጨፍረዋል ሲሏቸው፣ እንግዲህ ይሄን ሳላይማ አልቀርም ብለዋል። አባዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለእኔ ስትል፣ እስከ መጨረሻው ጨፍረው። ከእኔ ጋር። መሐል ላይ ቆመን ብንቀር ይስቁብናል።»

«ይስቁብናል» የምትለው ቃል ገብረሚካኤልን እንደ ሚስማር ወጋችው። ይህች ልጅ በእሱ አፍራ አታውቅም። ድክ ድክ ስትል ጀምሮ እሱ ጫማ ላይ ቆማ ነው ጭፈራውን የተማረችው። በሠርጓ ላይ አንገቷን እንድትደፋ ከሚያደርግ ጉልበቱ ቢሰበር ይመርጣል።

«እሺ የኔ እናት፣ እጨርሰዋለሁ» አላት።

ጉልበቱ ግን ይሄን ምርጫ እንደ ቀልድ አላየውም። ዕድሜውን ሙሉ አስፋልት ዳር ቁጢጥ ያለ ጉልበት ነው። አብዱልሰመድ ነገሩን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ወላሂ፣ እኔ ዴኩን በጥፊ ባልመታው ኖሮ ይሄኔ ሙሉ ሰው ትሆን ነበር!» አለው። ከዚያ ግን ሱቁን እየዘጋ በየቀኑ ይመጣለት ጀመር። ከጎማው ክምር ጀርባ አብዱልሰመድ ስልኩን ይዞ ያሳያል፣ ገብረሚካኤል ይዞራል፣ ይንሸራተታል፣ ይንበረከካል። መንበርከኩስ ተቻለ። መነሣቱ ነው የጠፋው።

«ክሪክ አምጡለት!» ይላል አብዱልሰመድ፣ ወደ መኪና ማንሻው እየጠቆመ።

ዓለምፀሐይ፣ ሚስቱ፣ ድምፅ ሰምታ ብቅ ትልና ባሏን መሬት ላይ ታገኘዋለች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ልትድር ነው ወይስ ወጌሻ ቤት ልትገባ?» ትለዋለች። እሱ ግን አልሰነፈም። ሐይማኖትም ለበድሩ ሙሉውን ዘፈን በፍላሽ ሰጠችው፤ ኦርጋኑን ትቶ እንዳለ እንዲለቀው ተስማሙ። ሁሉ ነገር ተሰናዳ። ለሌላው ሕዝብ መንገር ግን ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

የመልሱ ቀን ደረሰ። ደብረ ብርሃኖች ጣርማ በርን አልፈው ኮታቸውን እንደደረቡ ወረዱና ገና ከመኪና ሳይወርዱ ያወልቁ ጀመር። የሙሽራው አባት ብቻ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው፣ ኮቴን አላወልቅም አሉ። ድንኳኑ ጢም ብሏል። በአንድ በኩል የሙስሊሞቹ ማዕድ ለብቻው ተሰናድቶ አብዱልሰመድ እንደ ቤቱ ያስተናግዳል። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ከዚያ በድሩ ማይኩን አነሣና «የሙሽራዋ አባት! ጋሼ ሮክ!» አለ።

ጊታሩ ጀመረ። ገብረሚካኤል ልጁን በእጇ ይዞ መሐል ገባ። ሐይማኖት ካባዋን ሰብሰብ አድርጋ ስትከተለው ያ ጫማው ላይ የቆመችው ሕፃን ትዝ አለችው። እግሩ ሥራውን ያውቃል። ሕዝቡ እያጨበጨበ ገባ፣ ደብረ ብርሃኖች ቆመው ያያሉ፣ የሙሽራው አባት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዘፈኑን ይላሉ። ገብረሚካኤል ግራ እግሩን አነሣ። እንዳይሳሳት ዓይኑን ጨፈነ። አልቆመም፤ ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ተንሸራተተ፣ በአንድ ጉልበቱ ዱብ አለና እጁን ዘረጋ።

እጁን የያዘው ሰው የለም።

ዓይኑን ሲገልጥ ድንኳኑ በሙሉ በአንድ እግሩ ቆሟል። «ያዘው!» የሚለውን ጩኸት የሰማው አሁን ነው። የባጃጅ ሹፌሮቹ ቆመዋል፤ አብዱልሰመድ ትሪ እንደያዘ ቆሟል፤ ዓለምፀሐይ ወንበር ተደግፋ ቆማለች። ዘፈኑ አለመቆሙን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። በመካከላቸውም ሐይማኖት፣ እስከ መጨረሻው ጨፍረው ያለችው ሐይማኖት ራሷ፣ ካባዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ግራ እግሯን አንሥታ ደርቃለች። ከመላው ሸዋ ሮቢት ጭፈራውን የተሳሳተው ጋሼ ሮክ ብቻ ነበር።

«አባዬ፣ ረሳሁት» አለች፣ ሳቋን አፍና።

ዘፈኑ አለቀ። ሰዉ ግን እንደቆመ ነው። የሙሽራው አባት ዙሪያቸውን አዩ፣ ወደ አብዱልሰመድ ጠጋ አሉና «እስከ መቼ ነው የሚቆመው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ።

«እሱ እስኪለቅ ነው፣ ጌታዬ» አላቸው አብዱልሰመድ፣ ትሪው እየተንቀጠቀጠ።

ሰውዬው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው፣ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ግራ እግራቸውን ቀስ ብለው አነሡ። ደጋውም ተከትሏቸው አነሣ።

ሁሉም ገብረሚካኤልን ያያል። አንድ ቃል ነው የሚጠበቅበት። እሱ ግን አላወጣውም። ልጁን እያያት ነበር። ለቀቀው ካለ ሰዉ ይሮጣል፣ ጭፈራው ያልቃል፣ ከጭፈራው በኋላ መኪናው ዳገቱን ይያያዛል። ዝም ካለ ግን ማንም ከቦታው አይነቃነቅም፤ እሷም እዚህ ናት። ቢቻለው እስኪመሽ ድረስ እንዲሁ ቢያቆማቸው ደስ ባለው። የሰዉ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ምሰሶ ያዘ፣ ሐይማኖት ግን ሳትነቃነቅ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ገብሬ» አለችው ዓለምፀሐይ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «በቃ እንግዲህ።»

«ለቀቀው!» አለ።

ድንኳኑ ተናወጠ። ቆላውም ደጋውም ባለበት ሮጠ። ሐይማኖት ግን በቦታዋ አልሮጠችም፤ ቀጥ ብላ ወደ አባቷ ሮጠች። እሱ አሁንም በጉልበቱ ነው፤ ሊነሣ ቢል እንቢ ብሎታል። አብዱልሰመድ ከዳር ሆኖ «ክሪክ!» ብሎ ጮኸ። ሐይማኖት ያንን ተዘርግቶ የቀረ እጁን ያዘችና፣ ባሏን በሌላው በኩል አስይዛ፣ ጎትታ አስነሣችው።

ከዚያ በኋላ ማጀቴ አንድ ሠርግ ተጠርቶ ሄደ። «ያዘው!» ሲባል ሰዉ እንደ ድሮው በአንድ እግሩ ቆመ፤ አንድ ጎረምሳ ግን መሐል ገብቶ ተንበረከከና እጁን ዘረጋ፣ ሙሽራዋም ጎትታ አስነሣችው። ማጀቴዎች ጭፈራው ድሮም እንዲህ ነው ብለው ይከራከራሉ። ገብረሚካኤል አያርማቸውም። እሱ ራሱ ግን ከልጁ መልስ ወዲህ ተንበርክኮ አያውቅም፤ ተንበርከክ ቢሉት «የሚያነሣኝ ሰው ደብረ ብርሃን ነው ያለው» ይላል፣ ጉልበቱን እያሸ። «ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች።»