የተኽላይ ደጅና የአባ ይርዳው ቅዳሜ

ይድረስ ለወሎ ሰፈር ሰፊ ሕዝብ! ከጋራዡ አጥር ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማጉያ መነጽርና አንድ መሳቢያ ሙሉ የሞቱ ሰዓቶች ያሉት ሰዓት ጠጋኝ ተኽላይ፣ ከየካቲት 1983 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሪት ጉዳይ ጠቅላይ መርማሪ ሆኖ መሾሙን እናበስራለን። ሿሚውም ተሿሚውም ራሱ ነው።

ለዚህ ማዕረግ ያበቁት ተከራዩ ናቸው። አባ ይርዳው ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል፣ ዕድሜያቸውን በቀጥቃጭነት የፈጁ ሽማግሌ፣ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተራ እየጠበቁ የጓሮ ክፍሉን ይዘዋል። ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሳታቸውን ያጠፋሉ፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ክብሪት አይጭሩም። ተኽላይ ይህን ሲያይ፣ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነውና፣ ጥያቄ ጀመረ።

«አባ፣ ኦሪቱ አንድ፣ ሙሴው አንድ። የኛ እሳት ለምን አይጠፋም?»

«የናንተስ ቤተ ክርስቲያን ቀዳሚት ሰንበትን አክብሩ አትልም?»

«ትላለች።»

«አንተስ?»

«እኔማ... ቅዳሜ ገበያ ይደራል።»

ሽማግሌው በሳቅ ፈረሱ። «እንግዲያው አንተ የጠፋብህ መጽሐፉ አይደለም፤ ቀኑ ነው። አይ ሰዓት ሠሪ!»

ተኽላይ ስንት ዓመት በውይይት ክበብ የተቀመጠ ሰው ነው። እዚያ ጥያቄና መልስ በአንድ ወረቀት ታትመው ይመጡና፣ የሰፊው ሕዝብ ድርሻ ማጨብጨብ ነበር። እዚህ ግን አንድ ቃል ይነሣል፣ ይገላበጣል፣ ሌላ ጥያቄ ወልዶ ይቀመጣል። ጨዋታው ጣመው።

በዚህ መሐል የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገሰሰ ቅዳሜ የቦይ ጠረጋ ዘመቻ መኖሩን፣ የቀረ ሰው የቀበሌውን ማኅተም እንደማያገኝ አስነገረ። የአባ ይርዳው የጉዞ ወረቀት የቀረው ደግሞ ያ ማኅተም ብቻ ነው። ሰኞ ካልገባ ተራቸው ያልፋል።

«የእርስዎን ድርሻ እኔ እጠርጋለሁ» አለ ተኽላይ።

«በደጅህ ያለ እንግዳ እንኳ አይሥራ ይላል ሕጉ። አንተ ስለኔ አካፋ ከያዝክ እኔ ምኑን አከበርኩት?»

ተኽላይ ቤቱ ገብቶ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ያን ቃል ፈልጎ አገኘው። ልማድ ነውና ማጉያውን ሳይቀር ዓይኑ ላይ ሰካ። በደጅህ ያለ እንግዳ። ቆይ፣ ደጁ የማን ነው? የበሩ ቁልፍ በማን ኪስ ነው ያለው? እንግዳውስ ማነው? ማጉያውን አወለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ገሰሰ የስም መዝገቡን ታቅፎ፣ መጥረጊያና አካፋ የያዘ ጎረቤት አስከትሎ በሩ ላይ ደረሰ። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ በበርጩማቸው ተቀምጠዋል። ተኽላይ አጠገባቸው ተቀምጧል።

«አካፋህስ?»

«ሕጉ የተጻፈው ለባለ ደጁ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ደጁ ደግሞ የኔ ነው።»

«የምን ሕግ?»

«ከቀበሌው የሚቀድም።»

አባ ይርዳው ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «ገባህ ማለት ነው?» አሉ።

«ገና ነኝ አባ። ደጁ የኔ መሆኑን ግን አውቃለሁ።»

ገሰሰ እስክሪብቶውን ላሰ። «ሁለት ቀሪ! ማኅተም የለም!»

ያኔ ጉልት ነጋዴዋ የሺመቤት ከሰልፉ ወጣች። «እኔም ቀዳሚትን ረስቻት ኖሯል። ሦስት በል! ሁላችን ከቀረን ግን ጓድ፣ ቦዩ ውስጥ አንተን ልናይህ ነው?» መጥረጊያዋን ጥላ አጠገባቸው ዘፍ አለች። ገሰሰ ኪሱ ውስጥ ያለውን ማኅተም ዳበሰና ወደ ቀሩት ዞረ።

አንባቢ ሆይ፣ ከሰልፉ ኋላ መጥረጊያህን እንደ ጠመንጃ አንግተህ ቆመህ ነበር፤ አትካድ፣ ታይተሃል። ሰኞ ሩቅ አይደለም። ሌላ ምንም አይጠየቅህም፤ እባክህ ያን መጥረጊያህን ብቻ ጣል...