ተንበርክኬ እስክጸልይ

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን። ዛሬ የምመሰክረው አለኝ፤ አንዳንዶቻችሁን ስለማያስደስት እስክጨርስ ማይኩን እንዳትቀሙኝ።

እኔ ሮቤ ገበያ ገብስ እየሸጥኩ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ጌታ ሳያገኘኝ በፊት የተሳደብኩትን እሱ ይቁጠረው። አምና ከዲንሾ ገብስ ጭኜ ስመለስ ከመኪናው ላይ ወደቅኩ፤ ጭኔ ተሰበረ። በቀዶ ሕክምና አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቴ ግን እንደ አጣና ደርቆ ቀረ። መንበርከክ አቃተኝ። ጌታን ከተቀበልኩ ጀምሮ ጠዋት ሳልንበረከክ ከቤት ወጥቼ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ።

ሐኪሙ «ፊዚዮቴራፒ ያስፈልግዎታል፤ ጎባ ሆስፒታል ይሂዱ» አለኝ። አልሄድኩም። ለምን? የጸሎት ቡድናችን መሪ ጋሽ በቀለ እዚሁ መድረክ ላይ «እህቴ፣ ተፈውሰሻል፤ ክራንቹን ጣዪው» አሉኝ። ጣልኩት። እናንተም እልል አላችሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ኋላ «እምነቷ ጎድሎ ነው» ተባለ፤ ሰምቻለሁ። እምነቴ አልጎደለም። መሬት ላይ ተዘርሬ የገባኝ ሌላ ነው፦ ጌታ በሐኪሙ አፍ ነግሮኝ ነበር፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ክብር ለእርሱ ይሁን።

በሳምንቱ ጎባ ሄድኩ። ዘሀራ የምትባል ወጣት ባለሙያ ተቀበለችኝ። ሂጃቧን ከላይ እስከ ታች አየሁና፣ እኔና አፌ መቼ እናርፋለን፣ «አንቺ የት የተማርሽ ወጌሻ ነሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «ወጌሻ አይደለሁም፣ ሃዳ ኮ» አለችኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው። «ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ አጥንቱንና ጡንቻውን አንድ በአንድ አጠናን፤ ቀጥሎ ነርቩን፣ የሰውን አረማመድ። ከዚያ ሆስፒታል ገብተን፣ አስተማሪ አጠገባችን ቆሞ፣ በሽተኛ ማስነሳትና ማስኬድ ተለማመድን። እጄ በዘፈቀደ አይነካዎትም።»

ጉልበቴን በመለኪያ ለካች፣ ጻፈች፣ ቀስ አድርጋ አጠፈች። አመመኝ፤ ጮህኩ። በየቀጠሮው «ካለፈው ትንሽ ብቻ እንለፍ» ትላለች። ቤት የምሠራውንም ሰጠችኝ፤ ተኝቶ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መሳብ። አንድ ቀን ሳልሠራ ሄጄ «ሠርቻለሁ» አልኳት። ለካችና «ጉልበትዎ ግን አልሠራሁም ይላል» አለችኝ። ወገኖች፣ መስካሪ ነኝ ባይዋ እኔ ነኝ የዋሸሁት። አፈርኩ፤ ንስሐ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላጓደልኩም።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት አልጋዬን ይዤ፣ ትራስ አንጥፌ፣ ተንበረከክሁ። ጌታ ይመስገን፣ መጀመሪያ የጸለይኩት ለዘሀራ ነው። ቅር የሚለው ካለ ይበለው። እጅን የፈጠረ ጌታ የተማረ እጅን አይጠየፍም፤ በእርሱ ታመኑ፣ ሐኪምም ስሙ።

ጋሽ በቀለ፣ በእርስዎ ላይ ቂም የለኝም። ከወንበር ሲነሱ ጉልበትዎን ይዘው ሲያቃስቱ ግን ከኋላ ሆኜ አያለሁ። ለማንም አልነገሩም። ማክሰኞ ጠዋት ለክትትል ጎባ እሄዳለሁ። ጸልየው ይምጡ፤ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ቦታ እይዝልዎታለሁ።