በሽምብራ የታፈነው ፊሽካ

እዚህ ሰቆጣ፣ ፖሊሶች ለዐውደ ርዕይ የድሮ ዕቃ እያሰባሰቡ ነው ብሎ አንድ ወጣት ኮንስታብል ቤታችን ከመጣ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኝ ሰነበትኩ፤ የጡረተኛውን ፖሊስ፣ የአባቴን ሣጥን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ። ቆቡ፣ ካቴናውና እስካሁን የናስ መወልወያ የሚሸተው ቀበቶው ግድ የለም፣ ይሂዱ። ያስጨነቀኝ ፊሽካው ነው።

ልጅ ሳለሁ እጄ አርፎ አያውቅም፣ ያገኘሁትን ሁሉ ካልፈታሁ አይሆንልኝም ነበር። ፊሽካው ውስጥ የምትንጫጫዋን ፍሬ ለማየት በእናቴ ወስፌ ጎርጉሬ አወጣኋትና ጠፋችብኝ። ቢጨንቀኝ አንዲት ሽምብራ በግድ አስገባሁበት፤ ስነፋው ጮኸ፤ እኔም እንደ ትልቅ መካኒክ ኮራሁ። ሽምብራ በምራቅ እንደሚያብጥ ማን ነግሮኝ!

በገበያ ቀን ከጎረቤት ወረዳችን ከዝቋላ የመጡ ሁለት ፍየል ነጋዴዎች ዱላ ሲማዘዙ፣ አባቴ ደረቱን ነፍቶ ፊሽካውን ቢነፋ ፍስስ ብሎ ቀረ። ጉንጩ እስኪወጠር ደጋገመው፤ ተደባዳቢዎቹ ራሳቸው ጠቡን ትተው ሳቁ፣ ገበያተኛው በኽምጣናም በአማርኛም ተሳለቀበት። እሱ ወዲያው የጠረጠረው አስር አለቃ ወልዱን ነው። ጎረቤታችንና የልብ ወዳጁ ነበሩ፤ ለጥበቃ አብረው ይወጣሉ፣ ሲያንቀላፋ የጫማውን ክር እርስ በርስ አስረው የሚስቁበትም እሳቸው ናቸው። «ነክቼው ከሆነ ልጆቼን ይንሳኝ!» ብለው ማሉለት። አላመናቸውም።

እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማ ነበር። አርጩሜ ፈርቼ አፌን ዘጋሁ፤ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነገው ዓመታት ሆነ። በሁለቱ ግቢዎች መካከል የነበረችው መተላለፊያ በእሾህ ታጠረች፣ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ትሪ መብላታችን ቀረ፣ የእሳቸውንም ሳቅ ከአጥር ወዲያ ብቻ እሰማው ጀመር። አስር አለቃ ወልዱ ካረፉ ቆይተዋል።

ትናንት ጠዋት ኮንስታብሉ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ፣ ደጅ አስቀምጬው ገባሁና ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ቢቆጣኝ በወደድኩ። ፊሽካውን በሸበተ ጢሙ አጠገብ ይዞ አገላበጠው።

«ልጄ፣» አለኝ፣ «የወልዱ ሬሳ በደጃችን ሲያልፍ እኮ በር ዘግቼ ተቀምጬ ነበር።»