አደባባዩ የሞላ ዕለት

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር የለም፤ የጠዋቱን ዜና የማነበው እኔ ነበርኩ። ማታ ከሬዲዮ የገለበጥኩትን ይዤ ጎህ ሳይቀድ ከቤት እወጣለሁ፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሆኜም በድምፅ ማጉያ ለከተማው አነባለሁ። ድምፄን የማያውቅ የለም፤ የሚያጫውተኝ ግን አልነበረም። ሴቶች መሀል ስቀመጥ ወሬው ቀጥ ይላል፤ ጆሮ ጠቢ ናት ብለው ነው። እኔም እልኸኛ ነኝና፣ «ይቅርባችሁ!» ብዬ ብቻዬን መኖሩን ለመድኩት።

አንድ ማለዳ እያነበብኩ በመስኮት ባይ፣ አደባባዩ ሞልቷል። ወትሮ በዚያ ብርድ ቆሞ የሚሰማኝ የለም። ያን ዕለት ግን ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጸጥ ብሎ ወደ እኔ ያያል። ደስ አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ የአውራጃችን ገብስ እንዴት እንዳማረ አነበብኩ፤ እንዳይበተኑብኝም ብዬ ደገምኩት።

ስወጣ፣ እነዚያ ዝም የሚሉኝ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ፣ «ጨረስሽ ልጄ? ማልደን ብንመጣ በርሽ ተዘግቶ አገኘነው» አሉኝ።

በእኛ አገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ደጅ የሚመጡት መርዶ ሊያረዱ ነው። እናቴ ዳባት ላይ አርፋለች። እነሱ ሥራዋን ትጨርስ ብለው ብርድ ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ፣ እኔ የገብሱን ማማር ደግሜ አነበብኩላቸው።